የተመታ ጭንቅላት በቆላ ሙቀት

ሸዋ ሮቢት ስመደብ ነርስ ከሆንኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ጣርማ በርን አልፈን አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ነጠላዬን፣ በመጨረሻም ካልሲዬን አወለቅኩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ የተቀበለችኝ የጽዳት ሠራተኛ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ "ሲስተር፣ እዚህ የሚፈራው ወባና ግንቦት ነው" አለችኝ። ስለ ወባ ተምሬያለሁ። ስለ ግንቦት ያስተማረኝ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ በዚያው በግንቦት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ የቀወት ገበሬ በቃሬዛ አመጡልን። ቢበዛ አርባ ዓመቱ ነው። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያዎቹ አናት ተቀምጦ ሲሄድ፣ ጀውሃ ሳይደርሱ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ይይዛል። ሰውየው ወድቆ በጭንቅላቱ አስፋልቱን መታ። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ሰፋሁለት። እየሰፋሁት ያወራኛል።

"ሽንኩርቱ ተበተነ እንዴ?" አለኝ።

"እርስዎ ተርፈው ሽንኩርት ያስጨንቅዎታል?"

"ሚስቴን ጥሩልኝ። ከመንገደኛ ከምትሰማው ከናንተ ትስማው።"

ሚስቱ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ሰው ዓይን ውስጥ የምታይ ሴት ናት። "ብርድ ይመታዋል" ብለው ያመጡትን ጋቢ አለበሱት፤ ታላቅ ወንድሙ የራሱን ጨመረበት። የክፍሉ ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ትኩሳቱን ስለካው ከሠላሳ ዘጠኝ አልፏል። ስምንት ሰዓት ላይ አርባን አለፈ። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ስለነበር እንዳያንቀው ብዬ የትኩሳት ኪኒን ልሰጠው ፈራሁ። ጋቢው ከትከሻው ሲንሸራተት ሳብ አድርጌ መልሼ ያለበስኩት እኔ ነኝ። እኔ ባደግኩበት አገር በሽተኛ የሚጠበቀው ከብርድ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስሙን ጠየቅኩት። አየኝ፤ አልመለሰልኝም።

አምቡላንሱ ሲገኝ ወደ አዲስ አበባ ላክነው። ከሁለት ወር በኋላ በሕይወት ተመለሰ። ደስ ብሎኝ ልጠይቀው ሄድኩ። ያገኘሁት ሰው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ የማይጨርስ፣ ከራሱ ማሳ ወደ ቤቱ መንገድ የሚጠፋበት፣ በጥቂቱ የሚቆጣና ወዲያው የሚያለቅስ ሰው ነበር። ከሆስፒታሉ የመጣውን ወረቀት ሚስቱ እንዳነብላት ሰጠችኝ። የራስ ቅሉ ውስጥ በቀዶ ጥገና የሚወጣ የደም ቋት አልተገኘም፤ አንጎሉ ግን አብጦ ነበር ይላል።

ወረቀቱን ለጤና መኮንናችን አሳየሁት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር።

"ጭንቅላት አንዴ ከተመታ አበቃ፤ ራስሽን አታድክሚ" አለኝ።

"ሦስት ሰዓት ላይ አላበቃም ነበር። ስለ ሽንኩርቱ ጠይቆኛል።"

"እና?"

"እናማ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ምን ሆነ?"

ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ግን ያንን ትከሻ መነቅነቅ እምቢ አልኩ። ስድስቱን ሰዓት ከአጠገቡ ነበርኩ። አንድ ነገር ዓይኔ ሥር ሆኖ አላየሁትም፤ ያላየሁት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ጡረታ ልወጣ አልፈለግኩም።

ዲግሪዬን በክረምት ትምህርት ጨረስኩ፤ ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ተወዳድሬ ገባሁ። ወዳጆቼ የጤና አስተዳደር አጥኚ፣ ወንበር ይጠብቅሻል አሉኝ። የሰውነት አሠራርን መረጥኩ። አማካሪዬ ሆነው የተመደቡት በአንጎል ጉዳት ላይ የሚመራመሩ ሽማግሌ ምሁር ነበሩ፤ ሁላችንም ዶክተር እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ቀን ያሉን ነገር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ "አንጎል ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንዴ በምቱ፣ አንዴ ከምቱ በኋላ ባሉት ሰዓቶች። የመጀመሪያውን ማንም አይመልሰውም። እኛ የምንሠራው ለሁለተኛው ነው።" ደብተሬን ዘግቼ ውጭ ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ስድስት ሰዓቶቼ ስም አገኙ።

ላቦራቶሪው ምድር ቤት ያለ፣ የእንስሳት ሽታ የማይለቀው ጠባብ ክፍል ነበር። ነጫጭ አይጦችን በመድኃኒት አደንዝዘን፣ በቱቦ ውስጥ ትንሽ ብረት በመልቀቅ ጭንቅላታቸውን እንመታለን። ከዚያ ግማሾቹን ከአንድ የቆላ ቁጥቋጦ ቅጠል የተጨመቀ ፈሳሽ እንወጋለን፤ ግማሾቹን ጨው ውኃ። ከቀናት በኋላ በቀጭን ጣውላ ላይ እናስኬዳቸዋለን፤ እግራቸው ስንት ጊዜ እንደሚያዳልጥ እንመዘግባለን። የመጀመሪያዋን አይጥ የመታሁ ዕለት ምሳ አልበላሁም። ለራሴ አንድ ነገር ቃል ገባሁ፤ እነዚህን ፍጥረታት እውነቱን ለማግኘት ካልሆነ አልነካም።

ውጤቱ የሚያስፈነድቅ ነበር። ቅጠሉን ያገኙት አይጦች ጣውላው ላይ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ዶክተር እጃቸውን እያፋተጉ፣ "አንጎል የሚጠብቅ ቅጠል አገኘን!" አሉ። ለስብሰባ የሚቀርብ ጽሑፍም ጀመሩ።

እኔ ግን ማንም ሳያዘኝ ሌላ ደብተር ይዤ ነበር። ከምቱ በኋላ የእያንዳንዷን አይጥ የሰውነት ሙቀት በየሰዓቱ እለካ ነበር። ለምን እንደምለካ ያኔ ብጠየቅ፣ ትኩሳት የማልለካበት ቀን እንዲኖረኝ አልፈልግም ብቻ ነበር የምለው። ደብተሩን ስገልጠው ቅጠሉን ያገኙት አይጦች ሁሉ ከሌሎቹ ይልቅ ሰውነታቸው ቀዝቅዟል። አንድም ሳይቀር።

ደብተሩን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ።

"ዶክተር፣ የጠበቃቸው ቅጠሉ ላይሆን ይችላል። ቅዝቃዜው ሊሆን ይችላል።"

"ሙቀት ለኪ ያለሽ ማን ነው?"

"ማንም።"

"የመጣሽው ቅጠል ልታጠኚ ነው፤ ትኩሳት አይደለም።"

"እኩል አሙቀናቸው እንድገመው። ቅጠሉ እውነት ከሆነ ያን ጊዜም ይጠብቃቸዋል።"

"አይደገምም" አሉ፤ ተነስተውም በሩን ከፈቱልኝ።

ለትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ጻፍኩ። መልስ ሲዘገይ ደግሜ ጻፍኩ። ሦስተኛውን በእጄ ወስጄ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እስኪያነቡት ድረስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የክፍሌ ልጆች "አማካሪሽን ከስሰሽ ልትመረቂ ነው?" ይሉኝ ነበር። አልከሰስኩም፤ ጠየቅኩ እንጂ። በመጨረሻ ጥቂት አይጦች ተፈቀዱልኝ። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ ላይ አስተኝቼ፣ ቅጠል የወሰዱትም ያልወሰዱትም ሙቀታቸው እኩል እንዲሆን አደረግኩ። በጣውላው ላይ ሳስኬዳቸው ልዩነቱ ጠፋ። ሁለቱም ወገን እኩል ያዳልጣቸው ጀመር።

ዶክተር ገጾቹን ሁለት ጊዜ አነበቧቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስንት ዓመት የለፋሁበት መሰለሽ?" አሉኝ በቀስታ።

"አውቃለሁ፣ ዶክተር።"

ብዕራቸውን አንስተው ጽሑፌ እንዲቀርብ ፈረሙ። ብዙ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ አይፈርምም ነበር፤ ይህንን አልረሳላቸውም።

ጽሑፌን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ፣ "ታዲያ በመጨረሻ ምንም አላገኘሽም ማለት ነው?" አለኝ። አንዳንዶች ሳቁ። "ያላገኘነውን አገኘን ብለን እንዳናወራ አድርጌያለሁ" አልኩት። "ደግሞም የተመታ አንጎል ሙቀት እንደማይችል በእጄ አይቻለሁ። ሰው አይጥ አይደለም፤ ሰውን አቀዘቅዛለሁ አላልኩም። ትኩሳቱ እንዳይወጣ መጠበቅ ግን ማንም ነርስ ትችላለች።" ጥሩ ውጤት አልሰጡኝም። አለፍኩ።

አዲስ አበባ ቅሪና አስተምሪ ተባልኩ፤ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ቆላ ወረድኩ። ሸዋ ሮቢት በባጃጅ ተሞልታ ጠበቀችኝ። በመጀመሪያው እሑድ ወደ ቀወት ሄድኩ። ሰውየው ከቤቱ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማሽላ ይፈለፍላል። በትህትና ሰላም አለኝ፤ አላወቀኝም። ሚስቱ ፀጉሯ ሸብቷል።

"እትዬ፣ የምነግርዎት ነገር አለ" አልኳት፤ ነገርኳትም። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ እጄ። ሌላ ነገር ቢደረግ ይድን ነበር ብዬ መማል እንደማልችል፣ ግን የሠራነው ትክክል እንዳልነበር።

አልጮኸችም። "ጋቢውን ከቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ" አለች።

"እርስዎ አያውቁም ነበር። እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ።"

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? ባትነግሪኝ ማን ይጠይቅሽ ነበር?"

"የእርስዎ ነገር ስለሆነ።"

ወደ ባሏ ዞራ ብዙ አየችው። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ቆጣ ባለ ድምፅ፣ "እሺ፤ ነገ ጭንቅላቱን ተመትቶ ለሚመጣው ምን ታደርጊያለሽ? እሱን ንገሪኝ" አለችኝ።

በተከታዩ ሚያዝያ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ መጣች። የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቷን ተመታች። ነቅታ ነበር፤ ታወራለች፤ ታስመልሳለች። ከዚያ ዓይኗ ይከደን ጀመር። ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳት መኪና እስኪመጣ ሰዓታት እንዳሉን አወቅኩ። በዚህ ጊዜ በከንቱ ላሳልፋቸው አልፈለግኩም። ከራሷ በኩል አልጋውን ከፍ አደረግኩ፤ ኦክስጅን ሰጠኋት፤ ትኩሳቷ መውጣት ሲጀምር የደረቡላትን ልብስ ሁሉ አንስቼ በስስ አንሶላ ሸፈንኳት፤ ብብቷንና አንገቷን በእርጥብ ጨርቅ ያዝኩ።

አጎቷ ክንዴን ያዘኝ። "ወላሂ፣ በውኃ ልትገድያት ነው! ልብሷን መልሺ!"

"አልመልስም።"

"የኛ ልጅ ናት!"

"አሁን የኔም ናት። እጄን ይልቀቁኝ፣ ጋሼ።"

በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከዚያ መሐል የቀወቷ ሴት ወጣች፤ የባሏን መድኃኒት ልትወስድ መጥታ ነው። አጎትየውን ዓይኑ ውስጥ አይታ፣ "እኔ ባሌን ጋቢ አልብሼዋለሁ። መጥተህ እየው፤ ቤቴ ሩቅ አይደለም" አለችው። እጁ ላላ።

ክፍሉ ግን እንደ ምድጃ ነበር። በግቢው ውስጥ ያለው ብቸኛ ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ነው፤ እሱ ስብሰባ ላይ ነበር። ገብቼ ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ ተሸክሜ አምጥቼ ልጅቷ አልጋ አጠገብ ሰካሁት። መኪናው ሲመጣ ትኩሳቷ ደህና ነበር። ስሟን ስጠይቃት፣ በደከመ ድምፅ፣ ከነአባቷ ነገረችኝ።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። ኃላፊው ነጥቦቹን ከወረቀት አነበበ፤ የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ ማንቀሳቀስ፣ የቤተሰብን ሐሳብ አለማክበር፣ ሥነ ሥርዓት መጣስ።

"ሲስተር፣ ግለ ሂስ አድርጊ" አለኝ።

ተነሳሁ። "ከፈቃድ በፊት ቬንትሌተሩን ወስጃለሁ፤ እውነት ነው። ሌላ በሽተኛ እንደዚያ ቢመጣ እርስዎ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው እያሉም እወስደዋለሁ። ግለ ሂስ የለኝም።"

ያቺ ድሮ በር ላይ የተቀበለችኝ የጽዳት ሠራተኛ እጇን አወጣች። "እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ" አለች፤ "ቬንትሌተሩ እዚያው ክፍል ይሁን።" አንዱ ሳቀ፤ ሌላው "እደግፋለሁ" አለ፤ ከዚያ ሌላውም፤ ቬንትሌተሩ እዚያው ቀረ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ግን ደረሰኝ። የዚያን ዓመት የደረጃ ዕድገትም አለፈኝ። ልጅቷ ሰኔ ላይ ፀጉሯ ተላጭቶ፣ ትንሽ እያነከሰች፣ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ገባች። ያዳናት የኔ እርጥብ ጨርቅ ነው ብዬ አልምልም፤ ላቦራቶሪው እንደዚያ ዓይነት መሐላ እንዳልምል አስተምሮኛል። ማስጠንቀቂያውን ግን ፈርሜ ስቀበል፣ ከፊርማዬ ሥር ዳግም ከሰው ቢሮ ንብረት እንዳልነቅል የሚያስቆመኝን መንገድ በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ ለድንገተኛ ክፍሉ ሁለተኛ ቬንትሌተር ይገዛልን።