የወንዝ አሻጋሪው ዋቅጅራና ያልመጣው ድልድይ

ዋቅጅራ በዳሳ የመካኒሳ ሰው ነበር። ተወልዶ ያደገውም፣ ያረሰውም፣ አግብቶ ጎጆ የወጣውም እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ከአብዮቱ በፊት የሰው መሬት ምርቱን በእኩል እየተካፈለ ያርስ ነበር። መሬት ላራሹ ሲታወጅ እንደ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ሰልፍ ወጣ። ኋላ ግን ቦታው የከተማ ክልል ነው ተባለና ከእጁ ወጣ። ለእሱና ለሚስቱ ለአስካለ የቀረላቸው ከቤታቸው ጀርባ ያለች፣ ጎመንና ቀይ ሥር የሚተክሉባት ቁራጭ ቦታ ነች።

ወንዙ ሰፈራችንን ለሁለት ይከፍለዋል። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩና የአውቶቡሱ መንገድ ወዲያ ማዶ ናቸው፤ አብዛኞቻችን የምንኖረው ደግሞ ወዲህ ነው። ድሮ አንድ የእንጨት ድልድይ ነበረን። እሱንም አንድ ክረምት ደራሽ ውሃ ከነምሰሶው ነቅሎ ይዞት ሄደ። በበጋ ችግር የለም፤ ሰዉ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን ወይ በላይኛው የመኪና ድልድይ ዞሮ ያንን ሁሉ ጭቃ መርገጥ ነው፣ ወይ ዋቅጅራ ጀርባ ላይ መታዘል።

ዋቅጅራ ይህን ሥራ አስቦበት አልጀመረውም። ድልድዩ የሄደ ሰሞን የቅቤ ነጋዴዋ ሙፊዳ ምጥ የያዛት እህቷን ደግፋ ወንዙ ዳር ስታለቅስ አያት። ነፍሰ ጡሯን በሁለት እጁ ታቅፎ አሻገራት። በማግስቱ ተማሪዎች እዚያው ቦታ ቆመው ጠበቁት። ከዚያ ወዲያ የክረምት ሥራው ይኸው ሆነ። ቁመተ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር። ሱሪውን እስከ ታፋው ይሰበስብና በዱላ እየተመረኮዘ፣ የወንዙን ወለል በእግሩ እየዳበሰ ቀስ ብሎ ይሻገራል። ሳንቲም ያለው ይሰጠዋል፣ የሌለው ይመርቀዋል።

ውሃው ግን የድሮው ውሃ አልነበረም። ወደ ላይ በኩል ያለ አንድ ፋብሪካ ቆሻሻውን የሚለቀው ወንዙ ውስጥ ነው። አንዳንድ ቀን ውሃው ቡናማ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። ከብት አፉን አያስጠጋበትም። ጥቂት ክረምቶች እንዳለፉ የዋቅጅራ እግር ላይ ቁስል ወጣ። አስካለ በጨው ውሃ ታጥብለታለች፣ ቅባት ትቀባለታለች። በበጋ ይጠግግና ክረምት ሲመጣ ያመረቅዛል፤ በተመለሰ ቁጥርም ከፍ ከፍ እያለ ወደ ጉልበቱ ይወጣል። ክሊኒክ ሲሄድ ውሃ ውስጥ አትግባ ይሉታል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አስረስ ይባላል። ከዚያ በፊት አስተማሪ ስለነበር ሰዉ የሚጠራው መምህር እያለ ነው። በዚያ ዘመን የቀበሌ ሊቀመንበር ይፈራ ነበር። አስረስን ግን የሚፈራው አልነበረም። ምናልባትም ከበላይ አካል የጠየቀው ነገር ሁሉ የማይሳካለት ለዚሁ ይሆናል።

አንድ ቀን ከቀበሌ በላይ ካለው ከከፍተኛው ስብሰባ ፊቱ በርቶ መጣ። እሑድ ሰበሰበንና አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ለከተማ ቀበሌዎች ለድልድይና ለእግረኛ መንገድ የሚሆን ገንዘብ ሊሰጥ መሆኑን፣ ማዘጋጃ ቤቱም የየቀበሌውን ጥያቄ እየተቀበለ መሆኑን ነገረን። ብድር እንዳልሆነ፣ የማይመለስ ስጦታ እንደሆነ ደጋግሞ አስረዳ። ከእኛ የሚፈለገው ድንጋይና ጉልበት ነው። ድንጋዩን አስቀድመን ካዘጋጀን ጥያቄያችን ክብደት ያገኛል አለ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ድንጋይ ፈለጥን። ወንድ በመዶሻና በዲጂኖ፣ ሴት በጀርባዋ፣ ልጅ በእጁ የቻለውን ያመላልሳል። ቀድሞ የሚደርሰው፣ መጨረሻም የሚሄደው ዋቅጅራ ነበር። ድልድይ ቢሠራ የክረምት ገቢው እንደሚቀር የማያውቅ ሰው ስላልነበረ ነገሩ ብዙዎችን ገረማቸው። አስካለም ሰግታ ነበርና ክረምቱን ምን ልንበላ ነው ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ብቻ ከዚያ ውሃ ልውጣ፣» አላት። «ሌላው ይደረስበታል።»

በሐምሌ እንግዶች መጡ። አንዱ አቶ መኩሪያ የሚባል የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ነው፤ ትሑትና ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። ሁለተኛው ከእርዳታ ድርጅቱ የመጣ ፀጉሩ የሸበተ ፈረንጅ ነው። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ዋቅጅራ ሁለቱንም በየተራ አዝሎ አሻገራቸው። ፈረንጁ ከጀርባው ወርዶ ሲያመሰግነው ዓይኑ እግሩ ላይ አረፈ። ዋቅጅራ የሰበሰበውን ሱሪ ገና አላወረደም። ቁስሉ ውሃ ነክቶት ቀልቷል።

ፈረንጁ በአቶ መኩሪያ በኩል ይህ ከምን መጣ ብሎ ጠየቀው። ዋቅጅራ ከውሃው ነው አለ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሌላም ሰው እንዲህ የሆነ እንዳለ ጠየቀው፤ የሚያውቀውን ሁሉ መለሰ። ፈረንጁ ጎንበስ ብሎ እግሩን ፎቶ አነሳ፤ በጠርሙስም ውሃ ቀዳ። ከዚያ አብሯቸው ለነበረው ለአስረስ ሲያስረዳ፣ የእሱ ገንዘብ ለመንገድና ለመሻገሪያ ብቻ እንደሆነ፣ ለወንዝ ንጽሕና ግን ሌላ ስጦታ እንዳለ፣ ሁለቱን አጣምሮ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት አድርጎ ማቅረብ እንደሚቻል ነገረው። አስረስ በደስታ ተስማማ።

እንግዳው ወደ መሻገሪያው ሲመለስ አቶ መኩሪያ ትንሽ ወደኋላ ቀረና ለአስረስ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ብሆን ድልድዩን ብቻ እጠይቅ ነበር። ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲሆን አይንቀሳቀስም፣» አለው።

«ታዲያ የሰውየው እግር እየበሰበሰ አላየሁም ልበል?» አለ አስረስ።

አቶ መኩሪያ ፈረንጁን ተከትሎ ሄደ።

የጥያቄያችን መልስ ከወራት በኋላ ደረሰ። ፕሮጀክቱ ጥሩ ነው፣ በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ነገር ግን አሁን አንድ ፕሮጀክት ስለሆነ የወንዙ ጥናት ሳያልቅ የድልድዩ ገንዘብ አይለቀቅም። ጥናቱ ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ መግባትን ይጠይቃል። ፋብሪካው የመንግሥት ነውና ያለ በላይ አካል ፈቃድ ማንንም አላስገባም አለ። የበላይ አካል የተባለው መሥሪያ ቤት የወንዝ ጉዳይ አይመለከተኝም አለ። የሚመለከተው የተባለው ደግሞ ፋብሪካውን የማዘዝ ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሰ። አስረስ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ጫማው አለቀ። በመጨረሻ አንድ ባለሥልጣን፣ ጓድ፣ ዓላማህ ምርት ማደናቀፍ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሁሉም ያውቀዋል። አስረስ የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ተመልሶ ከሚስቱ ከኤሌኒ ጋር እንኳ ሳይነጋገር ዋለ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካውን በስሙ ሲያነሳ የሰማው የለም።

ክረምት እንደገና ገባ፤ ዋቅጅራም እንደገና ውሃ ውስጥ ገባ። በሰፈር ግን ወሬ ተጀመረ። ድልድዩን ያስቀረው የዋቅጅራ እግር ነው ተባለ። የሰበሰበውን ሱሪ ወደ ታች ለቆ ቢቆም ኖሮ ፈረንጁ ምንም አያይም፣ ድልድዩም ይሄኔ ተሠርቶ ነበር አሉ። ቀጥሎ የባሰው መጣ፦ ገቢው እንዳይቀርበት ሆን ብሎ ነው ያሳየው።

ይህን የነገረችው ሙፊዳ ናት። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብላ ነው። እሷን አሻግሮ፣ የቅቤ ቅሏን ከትከሻው አውርዶ እየሰጣት ነበር። ቅሉን በእጇ አስያዛት። ከዚያ፣ «ሙፊዳ፣ አንቺስ ታምኚዋለሽ?» አላት።

«አላምንም፣ ጋሽ ዋቅጅራ።»

«እኔ ግን አንዳንዴ አምነዋለሁ፣» አለ። «ሆን ብዬስ አይደለም። ግን እግሬን ባያይ ኖሮ ድልድዩ ይመጣ ነበር። ይሄ እውነት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንም ሳንቲም አልተቀበለም። የሰጡትን ይመልሳል፤ አስገድደው ኪሱ የጨመሩለትን ለተማሪዎች ይሰጣል። አስካለ ያሏቸውን ሁለት በጎች ሸጠች፤ እንጨት እየለቀመችም ገበያ ታወጣ ጀመር። ይህም ለዋቅጅራ አልጠቀመውም። ጥፋቱን ቢያውቅ ነው በነጻ የሚያሻግረው አሉ፤ በጀርባው ተሻግረው ገና ጫማቸውን ሳያስሩ የሚሉትም ነበሩ።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከተማው ሽር ጉድ ሲል አንድ ጠዋት ገልባጭ መኪኖች መጥተው ድንጋያችንን ጫኑት። ለበዓሉ ግንባታ ይፈለጋል፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው ተባለ። አስረስ ሊቀመንበር ነውና ቆሞ አስጫነ። ዋቅጅራም እዚያው ነበር። ጫኞቹ ሰው አንሷቸው ሲያይ ሄዶ አገዛቸው። ለምን እንዳገዛቸው ማንም አልገባውም፤ እሱም አልተናገረም።

ብዙም ሳይቆይ የሰሜኑ ረሃብ ተሰማ። አቶ መኩሪያ ቀበሌ ድረስ መጥቶ ድርጅቱ ገንዘቡን በሙሉ ወደ እህልና መድኃኒት ማዞሩን ነገረን። አስረስ ይህንን በስብሰባ ሲያነብልን አንድም ሰው እጁን አላወጣም። ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ድልድዬስ ብሎ ማን ይጠይቃል? እኛም ከደመወዛችንና ከመሶባችን ለረሃቡ አዋጣን። ተናዶ የሚጮህበት ሰው ባገኘ ኖሮ ለሰዉ ይቀለው ነበር። የሚጮህበት ሰው ግን አልነበረም።

አስረስ ከረሃቡ አገር የሚወሰዱትን ሰፋሪዎች እንዲያስተባብር ተብሎ ወደ ምዕራብ ተላከ። ለጥቂት ወራት ነው የተባለው። ኤሌኒ አንድ ዓመት ጠብቃ ቤቱን ለቀበሌ አስረከበችና ወደ ወላጆቿ ሄደች። ስለ አስረስ ከዚያ በኋላ የሰማነው እርግጠኛ ነገር የለም። በእሱ ቦታ የተሾመው ሰው የድልድዩን ጉዳይ የማያውቅ ነው፤ ማወቅም አልፈለገም።

በቀጣዩ ክረምት ዋቅጅራ ሙፊዳን አዝሎ ከወንዙ መሐል ሲደርስ እግሩ ከዳው። እንደተሰናከለ ሰው አልወደቀም፤ ቁስለኛው እግሩ ብቻ ከሥሩ እጥፍ አለ። ሙፊዳን ውሃው ወደ ታች ወሰዳት። ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ዳር ላይ ያዟትና ክንዷ ተሰብሮ ወጣች። እሱ አንድ ቋጥኝ ላይ ተጣብቆ በገመድ ተጎተተ። ሙፊዳ አንድ ቀን እንኳ ወቅሳው አታውቅም። ክንዷ ታስሮ ሳለ ቅቤ ይዛ ልትጠይቀው ስትመጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እግሩ አብጦ ጠቆረ። ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሞቹ ሌላ መላ የለውም አሉና ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ፈቃዱን የሰጠችው አስካለ ናት፤ እሱን ሲጠይቁት ልክ እንደማይመለከተው ሰው ጣሪያውን ያይ ነበር። ሲመለስ ምርኩዝ ሰጡት። ጥቂት ጊዜ በምርኩዙ ለመራመድ ሞከረ፤ ከዚያ ተወው። አሻጋሪነቱን አብዶ የሚባል የመርካቶ ኩሊ የነበረ ጎልማሳ ያዘው። እሱ ቦቲ ጫማ አለው፣ ሂሳቡንም አስቀድሞ ነው የሚቀበለው። ማንም በዚህ አላማውም።

ዓመታት አልፈው አቶ መኩሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ዋቅጅራ ቤት መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ከስቷልም። አስካለ በርጩማ ሰጥታው ተቀመጠ። አዲስ ስጦታ እንደተገኘ፣ ይኼኛው ከመጀመሪያውኑ መንገድንና የአካባቢ ንጽሕናን አብሮ የሚያይ እንደሆነ አስረዳ። ጥያቄው እንደ አዲስ ይቀርባል። ሰጪዎቹም ሰፈሩን ሊያዩ ይመጣሉ። የቸገረው ነገር እንዳለ ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ሲመጡ ቢያዩህ ብዬ ነው፣ ጋሽ ዋቅጅራ። አንተን ካዩ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።»

ዋቅጅራ የተቆረጠውን እግሩን በጋቢው ሸፈነ።

«የኔ ጌታ፣ ያኔ ድልድዩን ብቻ ጠይቁ ብለህ ነበር አሉ፣» አለው። «አሁንም እንደሱ አድርግ። እኔን አታስገባኝ።»

«የአሁኑ እንደዚያኛው አይደለም።»

«አንተ ራስህ ይመጣል ብለህ ታምናለህ?»

አቶ መኩሪያ ባርኔጣውን ማሽከርከሩን አቆመ። ሥራዬ ስለሆነ ነው የምጠይቀው አለ።  አስካለ ያቀረበችለትን ቆሎ ትንሽ ዘግኖ ተነሣና ዋቅጅራን ጨብጦ ወጣ።

እንግዶቹ ይመጡበታል በተባለው ቀን ቀበሌው ሰፈሩን አስጠረገ። ሰዉም ቀኑን ሙሉ ወጣ ገባ እያለ ጠበቀ። አልመጡም። ምክንያቱን የነገረን የለም፤ ሄዶ የጠየቀም አልነበረም። ዋቅጅራ ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ዋለ። ማታ አስካለ፣ «መጡ ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀችው፤ አልጠየቃትም። እራቱን በልቶ ፊቱን ሸፍኖ ተኛ።