ማዶው የቱ ነው?

አስተርጓሚ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ገና ሻይ ዕረፍት ሳይደርስ አንድ አሠልጣኝ በሰው ፊት አሳፈርኩ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ባለ የስብሰባ አዳራሽ ነበር። ሰውየው ከማዕከል የመጣ ነው፤ እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ወደ አኙዋክኛ እመልሳለሁ። ስለ ገበያ ሲያስረዳ «የማታር ቡና አምራቾች» አለ።

ማታር ድንበር አጠገብ ያለች የወንዝ ዳር ከተማ ናት። ንግድና ዓሣ እንጂ ቡና አይገኝባትም። ቡናው ደጋው ላይ፣ መቲ ነው ያለው። እኔ ታዲያ ከመተርጎም ይልቅ ወደ ሰውየው ዞሬ በድምፅ ማጉያው «ተሳስተዋል፣ መቲ ለማለት ፈልገው ነው» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አሠልጣኙ ኩም አለ፤ እስከ ምሳ ድረስ ቀና ብሎ አላየንም።

የክፍሉ ኃላፊ በረንዳ ላይ አስጠርቶ «አንተ ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አስተርጓሚ ነኝ።»

«አስተርጓሚ አፍ ነው። አራሚ ስንፈልግ አራሚ እንቀጥራለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍ ሆንኩ። ሰብሳቢው የተናገረውን ልክም ይሁን ስህተት እንዳለ አስተላልፋለሁ። ከተናጋሪው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እቆማለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፣ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ተናጋሪው «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» እላለሁ፤ ያ «እኔ» ግን እኔ፣ በላይ የምባለው፣ አይደለሁም። ይህን ያልለመደ ሰው በዚህ ሙያ አይቆይም።

አኙዋክኛውን የቻልኩት በልጅነቴ ነው። አባቴ ከደጋ በመምህርነት ተመድበው መጡ፣ እኔ ባሮ ዳር ከሠፈር ልጆች ጋር ስዋኝ አደግሁ። አማርኛዬ ደግሞ የቤት ነው። በክልሉ ከበላይ የሚበልጥ አስተርጓሚ የለም ይባል ነበር። ከሚሉት አንዱ እኔ ራሴ ነበርኩ።

አሪየት የተቀጠረችው እኔ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። የአኙዋክ ልጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። «እርስዎ» የሚባል ነገር አልገባት ብሎ ሁሉንም «አንተ» ትላለች፤ ዘበኛውንም፣ የቢሮ ኃላፊውንም። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ የምታደርግበት ጊዜም አለ። በመጀመሪያው ወር ቆሜ ሰማኋትና ይህች አታሰጋኝም ብዬ ተኛሁ።

አንድ ቀን አዲሱ ኃላፊያችን አቶ ግርማ አርሶ አደሮችን ሰብስበው ሲናገሩ እሳቸውም «የማታር ቡና» አሉ። አስተርጓሚዋ አሪየት ነበረች። እኔ ኋላ ተቀምጬ ጉዷን ልይ ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አንገቷን ወደ እሳቸው ዘንበል አድርጋ «ይቅርታ አቶ ግርማ፣ ጆሮዬ ነው። መቲ ነው ያልከው?» አለች።

«አዎ፣ መቲ» አሉና ቀጠሉ። የሳቀ ሰው የለም። ግማሹ ሰው ስህተት መኖሩንም አላወቀም።

እኔ በዚያው ቃል በረንዳ ላይ ቆሜ ተገሥጫለሁ፤ እሷ በዚያው ቃል ሻይ ዕረፍት ላይ ከአቶ ግርማ ጋር ቆማ ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ሰብሳቢዎች ሁሉ «ያቺን ልጅ ላኩልን» ማለት ጀመሩ። ስልኩ ሲጮህ እኔ አነሳለሁ፣ የሚፈለገው ግን እሷ ናት። «ጋሼ በላይ፣ ለእኔ ነው?» ትለኛለች ፈገግ ብላ። ያ ፈገግታዋ ሳይቀር ያንገበግበኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለአስተርጓሚዎች አስተባባሪ ሊሾም ነው ተባለ። ስንጠብቀው የኖርነው ቦታ ነው። አስተባባሪው ስብሰባ የሚመድብ፣ አዲስ ሰው የሚያሠለጥን፣ ከኃላፊው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው። መራጩ አቶ ግርማ ናቸው። ከአሪየት በፊት ቢሆን ማን ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ግን ሰው ሁለታችንንም ተራ በተራ ያየን ጀመር።

ታዲያ እኔም ዘዴዋን ለመስረቅ ወሰንኩ። አቶ ግርማ ስለ ክትባት ሲናገሩ ዘመቻው ሰኞ ይጀመራል አሉ። ማክሰኞ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንገቴን እንደ እሷ ዘንበል አድርጌ «ይቅርታ፣ ጆሮዬ ነው። ማክሰኞ ነው ያሉት?» አልኩ።

«ሰኞ አልኩ እኮ! ምነው በላይ? ጆሮህን ታከም እንጂ።»

ትንሽ ቆይተው ወረቀታቸውን አዩና «ማክሰኞ ነው፤ በላይ አሳስቶኝ ነው» አሉ። ሰው ሳቀብኝ። ያው ጥያቄ፣ ያው ይቅርታ፤ ለእሷ ሠራ፣ ለእኔ መሳቂያ ሆነ።

ስንወጣ አሪየት ተከተለችኝ። «ጋሼ፣ አንተ ስትጠይቅ መልሱን ታውቃለህ» አለችኝ።

«አንቺስ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ግን ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል እላለሁ። አንተ እንደሱ አትልም። ፊትህ ይናገራል።»

አማርኛ የምታስተምረኝ እሷ አይደለችም ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን መስታወት አየሁ። ፊቴ እውነትም ይናገራል።

ክረምቱ ሲበረታ ባሮ ሞላ። አቶ ግርማ እኔንና አሪየትን ይዘው በሞተር ጀልባ ወደ አንዲት መንደር ወረዱ። መንደሯ ከወንዙ ግራና ቀኝ ነው የተቀመጠችው። በእኛ በኩል፣ ቢሮአችን ባለበት ዳርቻ ያለው ክፍል ከፍ ያለ ነው። ከማዶ ያለው ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ ቀድሞ የሚገባው እዚያ ነው። አቶ ግርማ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ «ማዶ ያሉት ይውጡ» ሲሉ ነው የሰነበቱት።

ስብሰባው የተጠራው ግን ማዶ ነው። ከሁለቱም ዳርቻ ያለው ሰው እዚያው ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። ከጀልባ ወርደን ገና ጫማችንን ከጭቃው ሳናላቅቅ አቶ ግርማ «በላይ፣ አንተ አረፍ በል። አሪየት ትተርጉም» አሉኝ። ሹመቱ እዚያው ጭቃ ላይ አለቀ። ሄጄ ከማንጎው ሥር ተቀመጥኩ።

አቶ ግርማ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ቸኩለዋል። «ውሃው እየመጣ ነው። ማዶ ያላችሁ ዛሬውኑ ቤታችሁን ለቃችሁ ወደ ከፍታው ውጡ። ወዲህ ያላችሁ አትሥጉ፣ ባላችሁበት ቆዩ» አሉ።

አማርኛ የሚሰሙት ከእሳቸው አፍ ወስደው ለጎረቤታቸው መንገር ጀምረዋል። ዕቃዋን ጠቅልላ የመጣች አንዲት የዚያው የዝቅተኛው ዳርቻ እናት ጥቅልሏን መሬት አስቀምጣ እፎይ ብላ ተቀመጠች።

አሪየት አልተረጎመችም። «ይቅርታ አቶ ግርማ፣ እኔ አልገባኝም። ማዶው የቱ ነው?»

«ማዶ ማዶ ነዋ!»

«ከየት ሲታይ?»

«ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ አሪየት! ተርጉሚ ስልሽ ተርጉሚ!»

ደስ አለኝ። ለምን እደብቀዋለሁ? ያ ዘዴዋ ዓይኔ እያየ ከሸፈ። አሁን እንደ እኔ በረንዳ ላይ ትቆማለች አልኩ በልቤ።

እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አቶ ግርማ፣ ተሳስተሃል» አለች። «ቢሮህ ስትሆን ማዶ ይሄ ነው። ዛሬ የቆምከው ማዶ ነው። ውሃው የሚገባው እዚህ ነው፤ አንተ ግን እዚህ ያሉትን ቆዩ አልካቸው።»

አቶ ግርማ ፊታቸው ጠቆረ። አፍ ነሽ እንጂ አራሚ አይደለሽም የሚለውን እየጠበቅሁ ነበር፤ ጓጉቼ ነው የጠበቅሁት። እሳቸው ወንዙን አዩ፣ ከወንዙ ባሻገር ያለውን ከፍታ አዩ፣ ተመልሰው እግራቸው ሥር ያለውን ጭቃ አዩ።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «ማዶ የቆምኩት እኔ ነኛ!» ከዚያ ማጉያውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ተሳስቻለሁ። ውጡ ያልኩት እናንተን ነው፣ እዚህ ያላችሁትን።»

አሪየት ወዲያው «ተሳስቻለሁ» ብላ በአኙዋክኛ ጀመረች። ያቺ እናት ጥቅልሏን አነሳች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ታንኳዎች ሰውና ዕቃ ሲያሻግሩ ዋሉ፣ እኛም ጀልባችንን ሰጠን። ባሮ በዚያው ሳምንት ዝቅተኛው ሠፈር ገባ። ጎጆዎቹን እስከ ጣሪያቸው ያዘ፤ ውስጣቸው ሰው አልነበረም።

ስንመለስ ጀልባው ላይ አቶ ግርማ ወደ እኔ ዞሩ። «በላይ፣ አንተ ብትሆን ኖሮስ?»

መዋሸት እችል ነበር። አሪየት አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ፊቴ እንደሚናገር ደግሞ ነግራኛለች።

«እንዳሉት እተረጉም ነበር» አልኩ።

አልተቆጡኝም። ጥቂት አዩኝና ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱ።

አስተባባሪነቱ ለአሪየት ተሰጠ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስብሰባ የምትመድበኝ እሷ ነበረች። በደንብ ነው የሠራችው። ያኔም ቀናሁባት፣ ዛሬም እቀናባታለሁ።

በሙያው ላላችሁት የምለው ይህን ነው። አስተማሪ ወይም ሰብሳቢ ሲሳሳት ቀድማችሁ ጠይቁት፤ ስትጠይቁም እናንተ ልትሳሳቱ እንደምትችሉ አምናችሁ ጠይቁ። ካልሰማና ስህተቱ ሰው የሚጎዳ ከሆነ፣ በሰው ፊትም ቢሆን ተሳስተሃል በሉት። የተናገረውን እንዳለ መተርጎም ይህን አይተካም።