ከወተቱ በፊት ሰላምታ

ኦሮምኛዬ ስብርብር፣ ጉልበቴ ስብርብር፣ ምላሴ ብቻ ደህና የሆነልኝ ሴትዮ፣ የሰው ጉዳይ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? በሽታ ነው መሰለኝ። ሁለት ሰው ሲነጋገር ካየሁ ሦስተኛ ካልሆንኩ ይበላኛል።

ሞባይል ገና አገራችን ሳይገባ ነው። ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ ስንመለስ አውቶቡሳችን የወደራን ከተማ አልፎ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ከሥር ገባ፣ እግሩ ብቻ ቀረልን። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ እግር፣ ነገሌ ካምፕ ያለ ወታደር ባሏ ዘንድ ልትገባ ከሰሜን የመጣች ናት። የታቀፈችው ጡት የጣለ ሕፃን በጥማት መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፣ ኋላ ማልቀሱንም ተወው። የያዝነው ውሃ አልቋል። እኔ የሚያለቅስ ልጅ አያሳስበኝም፤ ዝም ያለው ነው ያስፈራኝ።

ከቁጥቋጦው አንዲት የቦረና ሴት ወተት በጮጮ አዝላ ብቅ አለች። ልጅቱ ሕፃኑን እንዳቀፈች ሮጣ ሄደችና ብሯን ዘርግታ፣ ጮጮውን እየጠቆመች ወተት ስጪኝ አለቻት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወተት የለም ብላ መንገዷን ቀጠለች። ጮጮው ጀርባዋ ላይ ሲንቦጫረቅ እየተሰማ! ልጅቱ «የከለከለችኝ የወታደር ሚስት መሆኔን አውቃ ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሴትዮዋን ተከትዬ ጠራኋት። አካም፣ ናጋ ነሽ ወይ አልኳት፤ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነሽ ወይ ማለቴ ነው። ቆመች። ልጆቹስ? ደህና። ዝናቡስ? ዘንድሮ ሰንፏል። በተራዋ ስለ ከብቶቼ ጠየቀችኝ። ያለችኝ አንዲት ዶሮ ናት፤ ደህና ናቸው፣ ወፈር ወፈር ብለዋል አልኳት።

ልጅቱ ነጠላዬን ከኋላ ትጎትታለች። «እማማ፣ ስለ ወተቱ ይንገሯት እንጂ!»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ ገና ግመሎቹ ጋ አልደረስንም።»

ግመሎቹም ደህና ሆኑ። ያኔ ሴትዮዋ ራሷ፣ ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው አለች። ልጁን ተቀበለችን፣ በጮጮው ክዳን ቀድታ ትንሽ በትንሽ አጠጣችው። ሲጨርስ ጨምሩልኝ ብሎ አካባቢውን በጩኸት አናጋው። እኔም ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ብሩን ስንሰጣት ሳቀችብን። ልጅቱ እንባዋን ጠርጋ፣ ከብቶችሽ ደህና ናቸው ወይ ብላ በአማርኛ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አልገባትም፤ ግን ትከሻዋን ይዛ ሳመቻት።

ነገሌ ከገባን በኋላ፣ ልጁን ሰላምታዬ አዳነው እያልኩ ሰፈሩን ስዞር፣ አብራን አውቶቡሱ ውስጥ የነበረችው ጎረቤቴ ሰማችኝ።

«ያዳነውስ ወተቱ ነው» አለች። «አንቺማ በዝናብና በግመል ወሬ ልትገድይው ነበር።»