ለፍቅረኛዬ እናት ያጎረስኩት ዓሣ

ደርግ በወደቀ ሰሞን ፍቅረኛዬ እንግሊዝ አገር ዌምብሊ እናቷ ቤት ወሰደችኝ። እናቷ ጃፓናዊት ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዛዊ ወታደር ቢያገቡ አባታቸው «ልጄ ሞታለች» ብለው አስወሩ። እናትየውም በተራቸው ጥቁር አማች አልፈልግም አሉ። የተገፋ ሰው መግፋት ያውቅበታል።

ራት የሚበሉት በቀጫጭን እንጨቶች ነው። እንደ አገሬ ላጎርሳቸው ብዬ ዓሣ በእንጨቴ ዘረጋሁ፤ ሳያስቡት በእንጨታቸው ተቀበሉኝ።

«ምን ነካችሁ!» ብላ ልጃቸው ጮኸች። «እኛ ከእንጨት ወደ እንጨት የምንቀባበለው የተቃጠለ የዘመድ ሬሳ አጥንት ነው!»

አለቀልኝ፣ ልጅቷንም አጣኋት አልኩ።

አሮጊቷ ግን ሳቁ። «አባቴ ሞታለች ካሉ ስንት ዘመናቸው! አጥንቴን የሚያነሳልኝ ገና ዛሬ መጣ።»

እንጨታቸውን አስቀመጡና «በል፣ በእጅህ አጉርሰኝ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።