የማትጮኽ ሳንቲም

ሴትዮዋ ብቅ ስትል አንጥረኛው «መጣችልህ!» ይላል በሆዱ። በየሳምንቱ ጥፍር የምታህል አንዲት የብር ሳንቲም ለመግዛት ግማሽ ቀን ታደርቀዋለች። ሌላው ደንበኛ ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ ጥሎ፣ ሲያቃጭል ካልሰማ አይገዛም። እሷ ግን በጥጥ፣ በጥጡም ላይ በጨርቅ ካልተጠቀለለላት አትነካውም። ክረምት ከበጋ ያው ረጅም ቀሚስ ነው የምትለብሰው፤ ጠርዙ በእጅ ተደጋግሞ የተሰፋ።

ዛሬ ትዕግሥቱ አለቀ። «እሜቴ፣ ብር እኮ እንቁላል አይደለም፤ አይሰበርም!»

«መሰበሩንስ አይሰበርም፣ ወንድሜ» አለች ጥጡን እየደረበች። «ይጮኻል እንጂ። ባሌ ደግሞ ገና እግሬን ሳነሳ ጆሮውን ያቆማል።»

ወጣች። በየሳምንቱ እየከበደ የሄደው የቀሚሷ ጠርዝ ደረጃውን ሲመታ፣ አንጥረኛው መዶሻውን አንጠልጥሎ አዳመጠ። ኮሽ አላለም። «ተመስገን» አለና፣ በራሱ እየተናደደ ለሚመጣው ሳምንት የሚሆናትን ጥጥ መባዘት ጀመረ።