ሰማያዊው ውሃ የሄደበት

ባለቤቴ ቤት ሊገዛ ሲሄድ ጣሪያ አያይም ነበር። ጣሪያማ የት ነበረ? ከጦርነቱ በኋላ ሰው ወደ ሐርጌሳ በተመለሰባቸው ዓመታት የብዙው ቤት ቆርቆሮ ተነቅሎ ስለተወሰደ፣ ገዢ ሁሉ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ነበር የሚዋዋለው። እሱ ግን በቀጥታ ወደ ሽንት ቤቱ ይሄዳል። በአንድ የእርዳታ ድርጅት የውሃ ሥራ ይሠራ ነበርና «ኢንስፔክሽን ሳይደረግ ፊርማ የለም» ይላል። የቢሮ ቋንቋው ከቢሮ ሲወጣም ይከተለው ነበር።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። እሱ በስደት መጥቶ እዚያ አገባኝ፤ አገሩ ሲረጋጋ ተከትዬው መጣሁ። አሁን እሱ ከሞተ ወዲህ በአማርኛ የማወራው ሰው እየጠፋ ነው፤ ለዚህም ይሆናል የምጽፈው። ጥቂት እጽፋለሁ፣ ብዙ እቀመጣለሁ።

ያኔ የምንኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነበር። ለግቢው ተከራይ ሁሉ ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው። ልጆቼ ጧት ጧት በሩ ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር በኩል የሚሸጥ ግቢ ተገኘ ሲባል፣ ገና ሳላየው በልቤ ዕቃዬን አስገብቼ ጨርሼ ነበር።

ሻጯ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። እንደ አገሩ ልማድ ኤዶ፣ አክስቴ፣ እንላቸዋለን። ባለቤቴ ከአህያ ጋሪ ውሃ አስቀድቶ ለነጭ ልብስ የሚሆነውን ሰማያዊ ዱቄት በባልዲ ሲበጠብጥ ቆመው አዩት።

«ለሰው ያልበቃ ውሃ ለሽንት ቤት ትጋብዛለህ?» አሉት።

«ኤዶ፣ ቤት የሚታወቀው በጓሮው ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ሰው ሚስት ሲያጭ ፊቷን ያያል። ይኼ ባልሽ አንቺን ሲያጭ ከየት ጀመረ?»

ሦስታችንም ሳቅን። እሱ እየሳቀ ውሃውን ሽንት ቤቱ ውስጥ አፈሰሰ። ከዚያ በግቢው ጫፍ ያለውን የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን አንስተን ጎንበስ ብለን ቀለሙ እስኪደርስ ጠበቅን። ሰማያዊ ነገር አልመጣም። ደገመ። አሁንም አልመጣም።

«ቱቦው መንገድ ላይ ተሰብሯል» አለና መስመሩን ተከትሎ ሊቆፍር ዶማ አነሳ።

ኤዶ ሳቃቸው ጠፋ። ቀስ ብለው ሄደው በአጥሩ ሥር፣ ከዶማው ፊት፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እዚህ አትቆፍር። ልጄ ናት።»

ከተማው ከሰማይ ሲደበደብ ሬሳ ይዞ መቃብር ድረስ መሄድ አልተቻለም። እሳቸውና ጎረቤታቸው በድስት ክዳን ቆፍረው እዚያው ቀበሯት። ብዙ ግቢ እንዲህ እንደሆነ እንሰማ ነበር፤ እኔ ግን የእናት እግር ተዘርግቶበት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ብናገር ማን ይገዛል?» አሉ። «ሳልናገር ብሸጥ ደግሞ ማን ዱዓ ያደርግላታል?»

ከዚያ አንድ ነገር ታሰባቸው። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ።

«ቱቦው ከተሰበረ... ከስደት ከተመለስኩ ጀምሮ ስደፋው የኖርኩት ውሃ ወደ እሷ ነው የሚሄደው?»

ባለቤቴ ዶማውን አስቀመጠ። ጫማውን አወለቀ፣ ቢስሚላህ ብሎ ተንበረከከ፣ ከሽንት ቤቱ በኩል ጀምሮ አፈሩን በእጁ ይዝቅ ጀመር። ከኤዶ ጎን ተቀምጬ ትከሻቸውን ያዝኩ። ቤቱን ረስቼ፣ ውሃው በሌላ በኩል እንዲሄድ ብቻ እለምን ነበር።

ስንጥቁን አገኘው። ጭቃው ሰማያዊ ሆኗል። ቀለሙን እየተከተለ ሄደ፤ ከመቃብሩ ርቆ ቁልቁል ወደ መንገዱ አጥር ታጥፏል። መቃብሩ ሳይነካ፣ ከጎኑ ያለውን አፈር ጥቂት ከፈተና እጁን ዘረጋላቸው።

«ኤዶ፣ ይምጡ፤ በእጅዎ ይንኩት።»

ዘገኑ። ጨበጡት። መዳፋቸውን ሲከፍቱ አፈሩ እንደ ዱቄት በጣቶቻቸው መሐል ፈሰሰ።

«ደረቅ ነው» አሉ።

«ደረቅ ነው» አለ።

«አልሐምዱሊላህ።» ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

ሲነሱ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ አትቀየሚኝ። አልሸጥም።»

«እኛ እንጠብቃታለን፣ ኤዶ» አልኩ።

«አንቺስ ትጠብቂያታለሽ። ካንቺ የሚገዛውስ? እሱ በዶማ ነው የሚመጣው።»

ባለቤቴን አየሁት፣ አንድ ነገር እንዲልልኝ። «ልክ ነዎት» ብቻ አለ። በዋሄን ገበያ በኩል ስንመለስ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል አለቀስኩ። ለልጅቷ ይሁን ለቤቱ ለይቼ አላውቅም። እሱ ክንዴን ይዞ በሸክመኞቹ መሐል ያሳልፈኝ ነበር። በዓርብ ዕረፍቱ ተመልሶ ሄደ፤ አዲስ ቱቦ በሌላኛው አጥር በኩል አዙሮ ቀበረላቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት አየን። በየደረሰበት ባልዲውን ከማንሳቱ በፊት ከሻጩ ጎን ይቆምና ዝግ ባለ ድምፅ «እዚህ ግቢ ያረፈ ሰው አለ?» ይላል። የተቆጣ ሰው አላየሁም።

አሁን የተቀመጥኩበትን ቤት የሸጠልን ሰው ጥያቄውን ሲሰማ ግቢውን ዞር ብሎ አየ።

«እዚህ የለም» አለ። «የኔዎቹ ሌላ ግቢ ናቸው።»

ባለቤቴ መዳፎቹን ዘረጋ። ሰውየውም ዘረጋ። ፀሐዩ ላይ ቆመው ዱዓውን ጨረሱ፤ ውሃው የፈሰሰው ከዚያ በኋላ ነው።