እትዬ ፀሐይ ጠፍተው የወጡበት ቤት

ቅዳሜ ንጋት፣ ሼፈርድስ ቡሽ፣ ለንደን

ገና በቅጡ አልነጋም። የገበያው ሱቆች እንደተዘጉ ናቸው፤ አንድ ሰውዬ ብቻ ከመኪና ላይ የአትክልት ሣጥን ያወርዳል። እትዬ ፀሐይ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ባዶ ወንበር እያለ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳሉ።

"ቲኬቱን ቼክ አድርገሻል?"

"አድርጌያለሁ እትዬ።"

"ቤቱስ? ቅዳሜ ክፍት ነው?"

"ክፍት ነው። ቡክ አድርጌዋለሁ።"

አውቶቡሱ እስኪመጣ ይህንኑ ደግመው ጠየቁኝ።

እትዬ ፀሐይ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። እንግሊዝ የመጡት በወጣትነታቸው፣ ዓረብ አገር ሞግዚት ሆነው ያገለግሏቸው ከነበሩ ሰዎች ጋር ነው። ሰዎቹ ሐምሌና ነሐሴን የሚያሳልፉት በደቡብ ጠረፍ አንድ ትልቅ ቤት ተከራይተው ነበር። ከዚያ ቤት ነው እትዬ ፀሐይ አንድ ማለዳ ጠፍተው የወጡት። ቤቱ አሁን ለጎብኚ ክፍት መሆኑን በስልኬ ሳሳያቸው ፎቶውን አይተው፣ ስልኬን መልሰው ወደ ቤታቸው ወጡ። በሳምንቱ በሬን አንኳኩ።

"ውሰጂኝ" አሉኝ። "የምፈልገው ሰው አለ።"

የከተማዋን ስም እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም።

ረፋድ፣ ባቡር ውስጥ

ከቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ተነሳን። ፉርጎው በቤተሰብ፣ በውሻና በታጣፊ ብስክሌት ተሞልቷል። በመስኮቱ የቤቶች ጓሮ፣ የተሰጣ አንሶላ፣ የመኪና መካነ መቃብር፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሜዳና በግ ያልፋል። እትዬ ፀሐይ አንዴ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ፣ አንዴ በመተላለፊያው። ያቀረብኩላቸውን ሳንድዊች ሳይገልጡት ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እንግሊዝኛ እየተለማመዱ ነው።

"ዳቦ የምታመጣ ሴት ነበረች" አሉ ድንገት። "በየማለዳው በኩሽናው በር ትመጣለች። ነጭ ቫን ነበራት። እኔ ነኝ የምቀበላት። ቋንቋ የለኝም፤ ትስቅልኛለች፣ እስቅላታለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።"

"ከዚያስ?"

"አንድ ቀን እጄን አየችው።" ይህን ሲሉ እጃቸው ወደ እጅጌያቸው ገባ። "ምን ሆነሽ ነው አላለችም። ዞራ የቫኗን በር ከፈተችና አሳየችኝ። ገባኝ። በማግስቱ ስትመጣ ተዘጋጅቼ ጠበቅኳት። ፓስፖርቴን እነሱ ቆልፈውበታል፣ ትቼው ወጣሁ። በዳቦ መደርደሪያዎቹ መሃል ቁጢጥ ብዬ ጣቢያ አደረሰችኝ። ቲኬት ቆረጠችልኝ፣ ካፖርቷን አውልቃ አለበሰችኝ። ስሟን እንኳ ሳላውቅ ባቡሩ መጣ።"

"ለምን እስካሁን አልፈለጓትም?"

"መጀመሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ ፈራሁ። ኋላ ሥራ መጣ፣ ልጆች መጡ። አሁን ደግሞ ሞታ ከሆነስ ብዬ ነው የምፈራው።"

ተነስተው እንደገና ቦታ ቀየሩ።

ቀትር፣ ቤቱ

ከጣቢያው ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ ወሬ የሚወድ ወፍራም ሰው ነው። ከትልቁ ቤት አቅራቢያ ስለነበረው ዳቦ ቤት ጠየቅኩት።

"ኦ፣ እሱ ከተዘጋ ቆየ! አሁን የጥፍር ቀለም መቀቢያ ነው።"

እትዬ ፀሐይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቤቱ ከፎቶው ይበልጣል። ነጭ ነው፤ ፊቱ ላይ ዓምዶች የተደረደሩበት፣ መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ባሕር የሚያዩ። የተከረከመው ሣር እስከ ገደሉ አፋፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ አመድማ ውኃ ብቻ ነው። ነፋሱ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ሊነጥቅ ይታገላል። አስጎብኚያችን ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ የከተማዋ ሴት ናቸው። ቤቱን ያሠራው በመርከብ ንግድ የበለፀገ ሰው ነው አሉን፤ ለአንድያ ልጁ፣ ለወራሹ። እብነ በረዱን ከጣልያን አስመጣ፣ የጣራውን ውስጥ በጂፕሰም በተቀረጸ ዛጎል አስጌጠ። ወራሹ ግን አንድ በጋ እንኳ ሳይሞላው ጥሎት ሄደ፤ የባሕሩ ድምፅ እንቅልፍ ነስቶት።

ጎብኚው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ፀሐይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እኔን የሚያስተኛኝ እሱ ነበር። የእነሱን ጩኸት ይሸፍንልኛል።"

ቡድኑ ስለ ጣራው ሲያዳምጥ እሳቸው ተነጥለው በአገልጋዮች ደረጃ ወረዱ፤ ተከተልኳቸው። ኩሽናው ካፌ ሆኗል። ኬክና ሻይ ይሸጣል፣ ዋጋውም ራት ያበላል። በሩ እዚያው ነው። እትዬ ፀሐይ ገፉት፤ ተከፈተ። ወጡ። ተመልሰው ገቡ። እንደገና ወጡ።

አስጎብኚዋ ደርሰውብን "የጠፋብዎት ነገር አለ?" አሏቸው።

"እዚህ ሠራተኛ ነበርኩ። በዚህ በር ነው የጠፋሁት። ዳቦ የምታመጣ ሴት ነች ያወጣችኝ።"

ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ጆይስ ትሆናለች" አሉ። "ዳቦ ቤቱ የባሏ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው የምትኖረው።"

"አለች?"

"አለች እንጂ! እግሯን ከሚያማት በቀር ደህና ናት።"

እትዬ ፀሐይ ያገኙት ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ

ትንሽ የጡብ ቤት፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር። አጥሩ ጋ ስንደርስ እትዬ ፀሐይ ክንዴን ያዙ። "ብትረሳኝስ?" ሳልመልስላቸው በሩ ተከፈተ፤ አስጎብኚዋ ደውለው ኖሯል። ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉና አተኩረው አዩአቸው።

"የኩሽናዋ ልጅ" አሉ ጆይስ።

ያ ሁሉ ሲለማመዱት የመጡት እንግሊዝኛ በአንድ አፍታ በነነ። እትዬ ፀሐይ የጆይስን ሁለት እጆች ይዘው "እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያሉ በአማርኛ አለቀሱ። ላስተረጉም አፌን ስከፍት ጆይስ በአገጫቸው ዝም አሰኙኝ።

ሻይ ቀርቦ ትንፋሽ ከተሰበሰበ በኋላ ጆይስ ያን ዕለት የሆነውን አወሩን። አሠሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ቤቱ ድረስ መጥተው አፋጠጧቸው። "የጫንኩት ዳቦ ብቻ ነው አልኳቸው። ባሌ እንኳ ያወቀው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።" ከዚያ ወደ እትዬ ፀሐይ ዘንበል አሉ። "አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ኖሯል። ለንደን በሰላም ደረስሽ?"

እትዬ ፀሐይ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ደረስኩ። ግን መሃል መንገድ ባቡር መቀየር ነበረብኝ፣ አላወቅኩም። ሌላ ከተማ ይዞኝ ሄደ።"

"አምላኬ! መቀየሩን ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው!"

"ነግረውኝ ይሆናል። ምኑ ገብቶኝ?"

ተያዩ። መጀመሪያ ጆይስ ፍርስ ብለው ሳቁ፣ ቀጥሎ እትዬ ፀሐይ፤ ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

አመሻሽ፣ ጣቢያው

አይምጡ ብንላቸው ጆይስ አልሰሙንም። የጎረቤት መኪና አስነስተው፣ በዚያ እግራቸው፣ መሳፈሪያው ድረስ ተከተሉን። ባቡሩ ሲገባ የባቡር ሠራተኛውን በከዘራቸው ጠርተው "ይሄ ቀጥታ ለንደን ነው? መቀየር የለውም?" አሉት። የለውም አላቸው። ራቅ ብላ የቆመችውን ሌላዋን ሠራተኛም ጠርተው ይህንኑ ጠየቁ።

እትዬ ፀሐይ መስኮቱ ጋ ቆመዋል። በሩ ተዘጋ። ባቡሩ አልነቃነቅ ሲል ጆይስ ትዕግሥት አጡ፤ ከዘራቸውን ወደ ሾፌሩ አንስተው "ሂድ እንጂ!" ብለው ጮኹ። ባቡሩም ሄደ።